ውሻዬ ለግቢያችን ጥበቃ እየታዘዘ ለእኔ እንቢ የሚለው በእኔ አስተሳሰብ ምክንያት ይሆን?

ጠያቂው፣ ከአዲስ አበባ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ውሻ በማሠልጠን ልምድ ያላችሁ ሰዎች ሐሳባችሁን እንድታካፍሉኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ከጀርመን ሼፐርድ የተዳቀለ የ9 ወር ወንድ ውሻ አለኝ። የሁለት ወር ቡችላ ሳለ ነው የወሰድኩት፤ ያሳደግኩትም እኔው ነኝ። ቀን ቀን ከአጥሩ ጥግ በሰንሰለት ታስሮ ይውላል፤ ማታ የግቢው በር ሲዘጋ ይፈታና ሲጠብቅ ያድራል። በሰፈራችን ውሻ የሚያሳድገው ሰው ሁሉ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። «ተቀመጥ»፣ «ና» እና «ተው» የሚሉትን ሦስት ቃላት ላስተምረው ከጀመርኩ ሦስት ወር ሆኖኛል። «ተቀመጥ» ስለው፣ ምግብ በእጄ ካየ ይቀመጣል። «ና» ስለው ግን ከቆመበት ሆኖ ያየኛል፤ ጥቂት ቀረብ ይልና ይመለሳል፤ አንዳንዴም ከውኃ ታንከሩ ጀርባ ገብቶ ይደበቃል።

ይበልጥ የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነው። የግቢያችን ጥበቃ የሆኑት አዛውንት ስሙን በለሆሳስ ሲጠሩት ጅራቱን እየቆላ ሮጦ ይሄድላቸዋል። እሳቸው አንድም ቀን አሠልጥነውት አያውቁም። እኔ ደግሞ ከሥራ በኋላ የታክሲውን ሰልፍና የመንገዱን መጨናነቅ አልፌ፣ ደክሞኝም ቢሆን በየምሽቱ ግማሽ ሰዓት እሰጠዋለሁ። ይህን ሁሉ እየደከምኩለት በሰው ፊት እንቢ ሲለኝ የናቀኝ ይመስለኛል። ባለፈው ሳምንት እንግዶች ባሉበት ደጋግሜ ጠርቼው ሳይመጣ ሲቀር ሄጄ ያዝኩትና በቀበቶዬ ሁለት ጊዜ መታሁት። ከዚያ ወዲህ ድምፄን ከፍ ሳደርግ ሆዱን መሬት አስነክቶ ይተኛል፤ አልፎ አልፎም ሽንቱ ያመልጠዋል። ያደረግኩት ነገር ዕንቅልፍ ነሥቶኛል።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ውሻ የጌታውን ልብ ያነብባል፤ ችግሩ ያለው አንተ ዘንድ ነው» አለኝ። ይህ እውነት ነው ወይስ እንዲሁ የሚባል ነገር ነው? እውነት ከሆነስ ውሻው የሚያነብበው በምን በኩል ነው? እኔስ ከየት ልጀምር?

ጡረተኛ የውሻ አሠልጣኝ፦

ሰላም ለአንተም ይሁን። ከአጻጻፍህ በዕድሜ እንደምበልጥህ ስለገመትኩ «አንተ» ብልህ እንደማትቀየመኝ ተስፋ አደርጋለሁ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ለ19 ዓመታት ከአነፍናፊ ውሾች ጋር ሠርቻለሁ። ባልደረባህ ያለህ በመሠረቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን «ልብ ያነብባል» የሚለው አነጋገር ነገሩን ምሥጢር ስለሚያስመስለው አልወደውም። ውሻ ልብህን አያይም። የሚያየው ትከሻህን፣ ዓይንህን፣ የእርምጃህን ፍጥነትና እጅህን ነው። የሚሰማው ድምፅህን፣ እንዲሁም በገመዱ በኩል የሚደርሰውን ጉተታ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ አንድን ቃል ከተናገርክ በኋላ ምን እንደምታደርግ ያስታውሳል። አስተሳሰብህ ወደ እሱ የሚሻገረው በእነዚህ መንገዶች ብቻ ነው፤ እነዚህ ግን ከበቂ በላይ ናቸው።

ይህን የተማርኩት በሥራዬ መጀመሪያ ላይ፣ በሚያሳፍር መንገድ ነው። ለልምምድ ስድስት ሻንጣዎች ይደረደሩና ከአንደኛው ውስጥ ሽታው ይደበቃል። እኔ ሽታው የትኛው ውስጥ እንዳለ አውቅ ነበር፤ ውሻዬም ሳይሳሳት ከትክክለኛው ሻንጣ ፊት ይቀመጣል፤ እኔም የተዋጣልኝ አሠልጣኝ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን አለቃችን እኔን ከክፍሉ አስወጥቶ ሌላ ሰው እንዲደብቀው አደረገ። ውሻዬ በየሻንጣው እየቆመ ቀና ብሎ ፊቴን ማየት ጀመረ። ለካስ ለወራት ያሠለጠንኩት ሽታ እንዲፈልግ ሳይሆን እኔን እንዲፈልግ ነበር። ወደ ትክክለኛው ሻንጣ ስቃረብ ሳላውቀው እርምጃዬን አሳጥር፣ ትንፋሼንም እይዝ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2011 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የዴቪስ ቅርንጫፍ የተደረገ ጥናት ይህንኑ በቁጥር አሳይቷል። 18 አነፍናፊ ውሾች ከነአሠሪዎቻቸው ምንም ዓይነት የአደንዛዥ ዕፅም ሆነ የፈንጂ ሽታ ባልተደበቀበት ሕንፃ ውስጥ ፍለጋ እንዲያደርጉ ተደረገ። ለአሠሪዎቹ ግን ሽታ እንዳለና በአንዳንድ ቦታዎች የተለጠፈው ቀይ ወረቀት ሽታው ያለበትን እንደሚያመለክት ተነገራቸው። ከ144ቱ ፍለጋዎች 225 የተሳሳቱ «ተገኘ» የሚሉ ምልክቶች ተመዘገቡ። ውሾቹን ለማሳሳት በምሥጢር ከተደበቀው ቋሊማ ይልቅ ለሰዎቹ የተነገረው ወረቀት ብዙ ስሕተት አስከተለ። ሰውየው ያመነውን ነገር ውሻው «አገኘው» ማለት ነው።

አሁን ወደ አንተ ጉዳይ ልምጣ። «ናቀኝ» ብሎ የሚያስብ ሰው ውሻውን ሲጠራ ወደ ፊት ያዘነብላል፣ ዓይኑን አይነቅልም፣ ድምፁም ይጠነክራል። በውሾች ዘንድ ከላይ ሆኖ ማጎንበስና ማፍጠጥ ዛቻ ነው። ስለዚህ አፍህ «ና» ሲል ሰውነትህ «አትቅረብ» ይለዋል። አዛውንቱ ጥበቃ ግን፣ ሳላያቸው ልናገርና፣ በርጩማቸው ላይ ጎናቸውን ሰጥተው ተቀምጠው፣ ቢመጣም ባይመጣም ግድ ሳይሰጣቸው ነው የሚጠሩት።

አንድ ነገር እንድትመልስልኝ እፈልጋለሁ፦ «ና» የምትለው መቼ መቼ ነው? ከመጣልህ በኋላስ ምን ታደርገዋለህ?

ጠያቂው፦

ጋሼ፣ ስለ ምክርዎ አመሰግናለሁ። ጥያቄዎን ካነበብኩ በኋላ ረዘም ላለ ጊዜ አሰብኩበት። ከምሽቱ ልምምድ ሌላ በየቀኑ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት እጠራዋለሁ። ሲመጣ ይዤ በሰንሰለት አስረዋለሁ። ገላውን ላጥበው ስፈልግም የምጠራው በዚያው ቃል ነው። የመታሁትም ከጠራሁት በኋላ ነው። ከዚህ በፊት እነዚህን ሁሉ አንድ ላይ አድርጌ አይቻቸው አላውቅም።

የእንስሳት ሐኪም፣ ከሐዋሳ፦

ጤና ይስጥልኝ። ወንድሜ፣ መልሱን እርስዎ ራስዎ ጽፈውታል ማለት ይቻላል። ለውሻዎ «ና» ማለት «አሥራ ሁለት ሰዓት ታስረህ ልትውል ነው» ማለት ሆኗል። የቃሉን ትርጉም አሳምሮ ስለተማረ ነው የማይመጣው። ንቀት ማለት በሌላው ዘንድ ያለን ክብር መዝኖ ዝቅ ማድረግ ነው፤ ውሻ ይህን ሊያደርግ የሚችል ፍጡር ስለመሆኑ ምንም ማስረጃ የለንም። ከስሕተትዎ ሁሉ ትልቁ ሰንሰለቱም፣ ከልቤ ብቃወመውም ቀበቶውም፣ አይደለም ብዬ አስባለሁ። ትልቁ ስሕተት «ንቀት» የሚለው ስያሜ ነው፤ ምክንያቱም ጉዳዩ ንቀት ነው ብሎ ያመነ ሰው ቀጥሎ የሚታየው መድኃኒት ቅጣት ብቻ ነው። «አልገባውም» ወይም «ፈርቷል» ብሎ ያመነ ሰው ግን ምን ላስረዳው፣ ምኑን ልቀንስለት ብሎ ይጠይቃል።

ሆዱን መሬት አስነክቶ መተኛቱና ሽንቱ ማምለጡ «አትጉዳኝ» የሚል ልመና ነው። ብዙ ሰዎች ይህንን ሲያዩ «ጥፋቱን ያውቃል» ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ በ14 ውሾች ይህን ፈትሻለች። ባለቤቶቹ አትብላ ያሉትን ምግብ ትተው ከክፍሉ ይወጣሉ፤ ሲመለሱ ውሻው በላ ወይም አልበላም ተብሎ ይነገራቸዋል፤ የሚነገራቸው ግን ሁልጊዜ እውነቱ አልነበረም። ያ «ጥፋተኛ» የሚመስለው ገጽታ የታየው ውሻው ሲበላ ሳይሆን ባለቤቱ ሲቆጣ ነው። እንዲያውም ይበልጥ ጎልቶ የታየው ሳይበሉ በከንቱ በተቆጡት ውሾች ላይ ነበር። ስለዚህ በፊቱ ላይ የሚያነቡት የእሱን ሕሊና ሳይሆን የራስዎን ቁጣ ነው።

ዕድሜውንም አይዘንጉ። እ.ኤ.አ. በ2020 በእንግሊዝ የወጣ ጥናት እንዳመለከተው ውሾች በ8 ወራቸው ገደማ «ተቀመጥ» የሚለውን ትእዛዝ ከአሳዳጊያቸው ሲሰሙ በ5 ወራቸው ይታዘዙ ከነበረው ባነሰ ሁኔታ ይታዘዛሉ፤ ያንኑ ቃል ከሌላ ሰው ሲሰሙ ግን ይህ አይታይባቸውም። ከአሳዳጊያቸው ጋር ያላቸው ግንኙነት ስጋት ያለበት ውሾች ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። እርስዎ የገለጹት ሁኔታ ከዚህ ጋር በጣም ይቀራረባል። ይህ ጊዜ ያልፋል፤ በዚህ ወቅት የተጎዳ መተማመን ግን ለመጠገን ጊዜ ይወስዳል።

እንዲያደርጉ የምመክርዎ ይህን ነው። አስቀድመው ጆሮውንና የዳሌ መገጣጠሚያውን ያስመርምሩ፤ የጀርመን ሼፐርድ ዝርያ የዳሌ ችግር ያጠቃዋል፤ የሚያመው ውሻ ደግሞ እንቢተኛ ይመስላል። ከዚያም «ና» የሚለውን ቃል ሙሉ በሙሉ ይተዉትና «ወዲህ» የሚል ወይም ሌላ ያልተጠቀሙበት ቃል ይምረጡ። ከሥጋ ቤት የሚገዛ ሳንባ ቀቅለው የጣት ጫፍ በሚያህል መጠን ይቁረጡና ቃሉን ብለው ሲመጣ አንዷን ሰጥተው መልሰው ይልቀቁት። በጾም ወቅት ሥጋ ቤቶች ሲዘጉ የደረቀ ዳቦም ይሆናል። ለማሰር በሚፈልጉበት ጊዜ በዚህ ቃል አይጥሩት፤ እርስዎ ራስዎ በዝግታ ሄደው ይያዙት። ግማሽ ሰዓቱን ወደ አምስት ደቂቃ ያሳጥሩት። ተናደው ወይም እጅግ ደክመው በመጡበት ምሽት ደግሞ ምንም አያሠልጥኑ፤ አንድ ቀን ቢዘለል የሚጎድል ነገር የለም።

ውሻ አርቢ፣ ከቢሾፍቱ፦

የተከበሩ ሐኪም፣ ሐሳብዎን አከብራለሁ፤ ነገር ግን የምንነጋገረው ስለ ጥበቃ ውሻ እንጂ በሶፋ ላይ ስለሚተኛ ውሻ አይደለም። አባቴም እኔም ውሻ አሳድገናል። ጌታውን የማይፈራ ውሻ ሌባውንም አያስፈራም ሲባል ነው የሰማነው። ተኩላዎች በመንጋ ሲኖሩ አንዱ አውራ ሌሎቹን በጉልበት እንደሚገዛ ተጽፏል፤ ባለቤቱም ያንን ቦታ ካልያዘ ውሻው ይይዘዋል። ጠያቂው መጸጸታቸው መልካም ልብ እንዳላቸው ያሳያል፤ ሆኖም ጸጸት ሲበዛ ደግሞ ባለቤቱ ይልፈሰፈሳል፤ ከዚያ በኋላ ውሻውን የሚመልሰው የለም።

የእንስሳት ሐኪም፣ ከሐዋሳ፦

ስለ ጸጸት ያሉትን እቀበላለሁ፤ ባለቤቱ ዛሬ ፈቅዶ ነገ የሚከለክል ከሆነ ውሻው ይጎዳል፤ ጽናት ያስፈልጋል። ጽናት ግን ጉልበት አይደለም።

የተኩላው ታሪክ መነሻ እ.ኤ.አ. በ1947 ሩዶልፍ ሼንክል ያወጣው ጥናት ነው፤ እሱ ያያቸው ተኩላዎች በአጥር ውስጥ ታጉረው የሚኖሩ ነበሩ። ይህን ሐሳብ በዓለም ዙሪያ ካስፋፉት ሰዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ ተኩላ መጽሐፍ የጻፈው አሜሪካዊው ዴቪድ ሜች ነው። ይኸው ሰው በዱር የሚኖሩ ተኩላዎችን ለዓመታት ከተከታተለ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመው ጽሑፍ የቀድሞውን አቋሙን አርሟል። የዱር ተኩላ መንጋ በአብዛኛው አባት፣ እናትና ልጆቻቸው ናቸው፤ የሚመሩትም ወላጆች ስለሆኑ እንጂ ተደባድበው ስላሸነፉ አይደለም። ስለዚህ ከተኩላ የምንማር ከሆነ የምንማረው አባትነትን ነው።

በሥራዬ የማየውን ደግሞ ልጨምር። በዱላ ያደገ ውሻ ከሚመታው ሰው ፊት ዝም ይላል፤ ያ ሰው በሌለበት ግን ማንን እንደሚነክስ አይታወቅም። አብዛኛውን ጊዜ የሚነከሰው በአጠገቡ ሮጦ የሚያልፍ ሕፃን ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ባለበት አገራችን አንድ ንክሻ ለአንድ ቤተሰብ ምን ማለት እንደሆነ እርስዎም ያውቁታል።

ከስቶክሆልም የምጽፍ እናት፦

ሰላም ለእናንተ ይሁን። እስካሁን የተነገረው ሁሉ ስለ ቁጣ ነው፤ እኔ ስለ ፍርሃት ልጻፍ። ጎንደር ልጅ ሳለሁ ውሻ ነክሶኝ፣ ሆዴ ላይ ለተከታታይ ቀናት የተወጋሁት መርፌ እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልጠፋም። እዚህ አገር ከመጣሁ በኋላ ልጄ ለዓመታት ስትለምነኝ ቆይታ አንዲት ትንሽ ውሻ አመጣን። ልጄ ትምህርት ቤት ስትውል የማወጣት እኔ ነኝ። ሌላ ውሻ ከሩቅ ባየሁ ቁጥር ገመዱን በእጄ ላይ ሁለት ዙር እጠቀልልና ወደ ራሴ አስጠጋታለሁ። በጥቂት ወራት ውስጥ ያች ገራም ውሻ ያየችውን ውሻ ሁሉ እየዘለለች መጮኽ ጀመረች። «ክፉ ሆነች» ብዬ ልመልሳት አስቤ ነበር።

የሄድንባት አሠልጣኝ ምንም ሳትናገር ገመዱን ከእጄ ወሰደችና ከአንድ ትልቅ ውሻ አጠገብ አሳለፈቻት። ውሻችን ዝም ብላ አለፈች። ገመዱ ወደ እኔ ሲመለስ ጩኸቱም ተመለሰ። እጄን እንዳይ ነገረችኝ፤ ገመዱ እንደ ክራር ጅማት ተወጥሮ ነበር። ለእሷ የዚያ ጉተታ ትርጉም «የምንፈራው ነገር መጣ» የሚል ነበር፤ እኔ ነኝ ያስተማርኳት።

ፍርሃቴን በአንድ ቀን ላጠፋው አልቻልኩም፤ እስከ ዛሬም አልጠፋም። የቻልኩት እጄንና ትንፋሼን መለወጥ ነው። ሌላ ውሻ ከሩቅ ሳይ ገመዱን ላላ አደርጋለሁ፣ በቀጥታ ከመግጠም ይልቅ ትንሽ ዞር ብዬ አልፋለሁ፣ እናቴ ሕፃን ስታባብል የምታንጎራጉረውን ዜማም አንጎራጉራለሁ፤ የሚያንጎራጉር ሰው ትንፋሹን መያዝ አይችልምና። ለውጡን ያየሁት በአራተኛው ወር ነው።

በዚሁ በስዊድን የሊንሾፒንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጡትን ጥናት አሠልጣኟ ነግራኝ አንብቤዋለሁ። ከ58 ውሾችና ከባለቤቶቻቸው ፀጉር ላይ ኮርቲሶል የተባለውን፣ ሰውነት በውጥረት ጊዜ የሚያመነጨውን ንጥረ ነገር ለክተው፣ የረጅም ጊዜ መጠኑ በሁለቱ መካከል አብሮ ከፍ ዝቅ እንደሚል አገኙ። ውሾቹ ቦርደር ኮሊና ሼትላንድ የሚባሉ፣ ከሰው ጋር ተግባብተው እንዲሠሩ የተመረጡ የእረኛ ዝርያዎች ስለነበሩ ነገሩ ለሁሉም ውሻ እኩል ይሠራል ማለት አይደለም። እኔን ያስጨነቀኝ ግን ሌላው ወገኑ ነበር፤ ጥናቱን ካነበብኩ በኋላ «በእኔ ጭንቀት ውሻዋን አሳመምኳት» እያልኩ ሌላ ጭንቀት ጨመርኩ።

ወንድሜ፣ ዕንቅልፍ ነሥቶኛል ስላሉ ነው ይህን የምነግርዎ። ጸጸትዎም እንደ ቁጣዎ ወደ ውሻው ይሻገራል። በጸጸት ቀርበው ሲያቅፉት፣ ያለ ቦታው ምግብ ሲያበዙለት፣ ፊቱን ደጋግመው «ይቅር ብሎኝ ይሆን?» እያሉ ሲመረምሩ፣ እሱ የሚያየው እንደ ትናንቱ የሚያፈጥበትን ሰው ነው። ለጥቂት ቀናት ምንም አይጠይቁት፤ በእሱ ዘንድ የማያስፈራ፣ ነገ የሚያደርገው የሚታወቅ ሰው ይሁኑ።

ጠያቂው፦

እንደምን ሰነበታችሁ። ከጻፍኩላችሁ አምስት ሳምንት አልፏል። ጆሮውም ዳሌውም ደኅና ነው ተብሏል። ሰንሰለቱን ሙሉ በሙሉ ማስቀረት ባልችልም በአጥሩ ርዝመት ሽቦ ወጥሬ ሰንሰለቱ በሽቦው ላይ እንዲንሸራተት አድርጌያለሁ፤ አሁን ከጥላ ወደ ፀሐይ፣ ከፀሐይ ወደ ጥላ መሄድ ይችላል። ጠዋት ሳልጠራው እኔው ሄጄ አስረዋለሁ።

ለመጀመሪያዎቹ ስምንት ቀናት ምንም አላሠለጠንኩትም። ማታ ማታ ከጥበቃው አጠገብ ተቀምጬ ሻይ እጠጣ ነበር። አንድ ምሽት ውሻው እሳቸው ሲጠሩት እንዴት እንደሚመጣላቸው ጠየቅኳቸው። ግራ ተጋብተው አዩኝና «እኔ ጠርቼው አላውቅም እኮ፤ ሲመጣ አይና ነው ስሙን የምጠራው» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ልብ ብዬ ስመለከት እውነታቸውን ነው። አስቀድሞ ወደ እሳቸው እየተራመደ ሳለ ነው ድምፃቸው የሚሰማው። እኔ ከሩቅ ሆኜ መታዘዝ አድርጌ ያየሁትና የቀናሁበት ነገር ሰላምታ ነበር።

«ወዲህ» የሚለውን ቃል ያስጀመርኩት በእሳቸው መንገድ ነው፤ ወደ እኔ መምጣት ሲጀምር ቃሉን እላለሁ፣ ሲደርስ ሳንባውን እሰጠዋለሁ፣ ከዚያ እለቀዋለሁ። አሁን ግቢው ጸጥ ሲል ከአሥር ጊዜ ዘጠኙን ይመጣል። ድመት በአጥር ላይ ስትሄድ ወይም እንግዳ ሲኖር ከአሥር አራት ጊዜ ቢመጣ ነው፤ ስለዚህ በእንግዳ ፊት መጥራቴን ትቻለሁ። ከእንግዶቹ መካከል አንዱ «ዛሬስ አይታዘዝም እንዴ?» ሲሉኝ «ገና እየተማረ ነው» አልኳቸው፤ ይህን ማለት ለእኔ ቀላል እንዳልነበረ ልሸሽጋችሁ አልፈልግም።

ሽንቱ ማምለጡ ቆሟል። አንድ ነገር ግን ቀርቷል፤ ቀበቶዬን ስፈታ የብረቱን ድምፅ ከሰማ አሁንም ከታንከሩ ጀርባ ይገባል። ስለዚህ ምን ላድርግ?

ጡረተኛ የውሻ አሠልጣኝ፦

በርታ ልጄ፤ ከጠበቅኩት በላይ ሄደሃል። ቀበቶውን ራት በሚበላበት ሰዓት ከምግብ ሳሕኑ አሥር እርምጃ ያህል ርቆ መሬት ላይ ተወው፤ አንተ አትያዘው፤ ወደ እሱም አታቅርበው። ሳይጨነቅ መብላት ሲጀምር በየሁለት በየሦስት ቀኑ አንድ እርምጃ አቅርብ። መብላቱን አቁሞ ቀና ካለ ፈጥነሃል ማለት ነውና ወደ ቀድሞው ቦታ መልሰው። የብረቱን ድምፅ የምታሰማው ከሁሉም በኋላ ነው፤ በመጀመሪያ በጨርቅ ጠቅልለህ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ወዲያውም ሳንባ አስከትለህ። ወራት ሊወስድ ይችላል። እስከዚያው ግን ሌላ ቀበቶ ታጠቅ።